የጓሳ ርስትና የመንዝ ውሃ

ከሞላሌ ተነሥቶ በስተ ሰሜን ወደ መሐል ሜዳ የሚያቀና መንገደኛ፣ የገብሱ ማሳ እየሳሳ አስታውና ጅብራው እየበረከተ ሲሄድ ባየ ጊዜ ወደ ጓሳ መቃረቡን ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ የተዘረጋው ይህ ደጋ፣ በምሥራቁ ገደል የወረደው ዝናም ወደ አዋሽ፣ በምዕራቡ ተዳፋት የወረደው ደግሞ በጀማ በኩል ወደ ዐባይ የሚለይበት የውሃ ድንበር ነው። ማን ይጠብቀው፣ ማንስ ይጠቀምበት የሚለው ክርክር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የኖረው፣ በዚህ ሜዳ ላይ የሚደረገው ሁሉ በሜዳው ላይ ብቻ የማይቀር በመሆኑ ነው።

ጓሳ የሚባለው ሣር ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ፣ አበቃቀሉም በጉብታ በጉብታ የሆነ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ከዝናምና ከቁር የሚሰውረውን ጌሳ ይሠራበታል። በበጋ ጧት፣ ውርጩ ገና ሳይነሣ፣ አንዱን ጉብታ በእጁ ገልጦ ሥሩን የዳሰሰ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ጥቅም ያገኘዋል፤ ላይኛው ቅጠል በፀሐይና በነፋስ ደርቆ ሳለ ከበታቹ ያለው ጥቁር አፈር ርሶ ጣት ያቀዘቅዛል። የክረምቱን ዝናም፣ ጉሙንና ጤዛውንም ጭምር፣ ይህ ሣር ተቀብሎ ወደ አፈሩ ያሰርገዋል፤ አፈሩና በየሸለቆው ያለው ረግረግ ደግሞ እንደ ታማኝ ዐቃቤ ንዋይ ቆጥቦ በበጋው ወራት ለምንጮቹ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። ሣሩ ተነቅሎ ምድሩ በታረሰ ጊዜ ግን ያው ዝናም አፈሩን ጠርጎ በአንድ ቀን ጎርፍ ይሄዳል፤ ምንጩ ይነጥፋል፣ የተረፈውም ውሃ ይደፈርሳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩትም በዚሁ ሣር ነውና፣ ለእነርሱ የሚደረገውን ጥበቃ ለውሃው ከሚደረገው ለይቶ ማየት አይቻልም።

የመንዝ አባቶች ሜዳውን ያጸኑት ቄሮ በተባለው ሥርዓት ነበር። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣው ታሪክ፣ ሥፍራውን ለልጅ ልጆቻቸው የለዩት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የተወለዱት ባለርስቶች አለቃ መርጠው ሜዳውን ለሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ለሚበልጥ ዘመን፣ ከማጭድና ከከብት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ደርሶ ድርቁም በጠና ጊዜ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ግድም፣ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል፤ ሕዝቡም አስቀድሞ ሣሩን ያጭዳል፣ ቀጥሎ ከብቱን ያሰማራል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ተመልሶ ይዘጋል። መዝጊያው ከበዓል ጋራ መተሳሰሩ የአባቶችን አስተዋይነት ያሳያል እላለሁ፤ ቀኑን አልሰማሁም ብሎ የሚያመካኝ አይገኝምና፤ ደግሞም ወራቱ የራሰው መሬት በከብት ኮቴ ፈጽሞ ሊረገጥ የማይገባበት ወራት ነው። ሥርዓቱን በዝርዝር ያጠኑት ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ከመዘገቧቸው ቅጣቶች መካከል የደንብ ተላላፊውን ቤት ማቃጠል ይገኝበታል።

ይሁን እንጂ ይህን ሥርዓት ስናመሰግን ጉድለቱን መሸሸግ አይገባንም። ከሁለቱ አባቶች ያልተወለደ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ በጎረቤትነት ቢኖርም እንኳ፣ ከጓሳ ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን በሻረ ጊዜ ይህም መድልዎ ተሻረ፤ መሻሩም ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ከመድልዎው ጋራ ተግሣጹም ዐብሮ ወደቀ፤ የሁሉ የሆነው ሜዳ የሚጠብቀው አጥቶ ያለ ቀኑ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር።

በሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለው ችግር የተበጀው መድኃኒት ሌላ ነው። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ በ1891 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የባለአደራዎች ማኅበር ወዲህ፣ ብዙ ማኅበራት መሬት ገዝተው ወይም በስጦታ ተቀብለው፣ አለዚያም ከባለቤቱ ጋራ አይታረስም አይገነባበትም የሚል በመዝገብ የጸና ውል ተዋውለው፣ ጫካውንና የወንዙን ራስ ይጠብቃሉ። በእኛ አገር በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነና ስለማይሸጥ፣ ጓሳን በገንዘቡ ገዝቶ የሚያድነው ማኅበር ሊኖር አይችልም። የሚያድነው የተጠቃሚዎቹ ስምምነት ብቻ ነው።

አጎራባቾቹ ገበሬዎችም ይህን የተረዱት ቀድመው ነው። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ በየገበሬ ማኅበሩ ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቆሙ፤ የድርሻው መሠረትም የዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ ጉርብትና ሆነ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል መንግሥት ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ብሎ በሕግ ዐወቀው፤ ከውጭም የፍራንክፈርት ዙዎሎጂካል ማኅበር አግዞታል። ከአካባቢው ተወላጆች የተመረጡ ጠባቂዎች ሜዳውን ይዞራሉ።

ያልተፈታው ነገር ግን ከሕጉ ይልቅ ከባድ ነው። የአባቱ ማሳ ከወንድሞቹ ጋራ ሲካፈል እፍኝ መሬት የደረሰው የመንዝ ጎልማሳ፣ ከደጁ በላይ ያልታረሰ ሰፊ ሜዳ እያየ ታገሥ ሲባል፣ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በምክር ብቻም አይመለስም። ማጭዱንና ሞፈሩን የሚያቅበው እርሱ ነው፤ ውሃው ግን ወርዶ በጀማ ተፋሰስ ከበታቹ ያለውን ያጠጣል። እንዲህ ላለው ነገር አብነት አለ፤ የኒውዮርክ ከተማ በ1997 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ስምምነት የመጠጥ ውሃዋ ከሚፈልቅበት ከካትስኪል ተራራ ማኅበረሰቦች ጋራ የጥበቃውን ወጪ ለመጋራት ቃል ገብታለች። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጓሳ በታች ያሉት ወረዳዎችና ከተሞችም ከውሃ ገቢያቸው ጥቂት ቆርጠው ለላይኞቹ ቀበሌዎች ቢሰጡ፣ ስለ መዝጊያውና ስለ መክፈቻው በሚደረገው ጉባኤም ተወካያቸውን ቢያስቀምጡ፣ ለጎልማሳው የሚገባው ካሣ ከየት ይመጣል የሚለው ነገር ቢያንስ በማን ፊት እንደሚቀርብ ይታወቅ ነበር።