ከፍታ ከመሸጥ በፊት ጭነቱን መጠየቅ
በአራቱም እግራቸው ስለሚጎትቱ መኪኖች ሞላ፣ ባሌስትራና ጎማ

ከአስፋልት ወጥቶ የሚሠራ መኪና በአገራችን ንግድ ውስጥ ያለው ድርሻ ለአንባቢዎቻችን የተሰወረ አይደለም። ቡናና ሰሊጥ ገዥው ወደ ገጠር ገበያ የሚደርሰው፣ ማዕድን ፈላጊው ከሥራው ቦታ የሚገባው፣ የአገር ጎብኝዎችን የሚያመላልሰውም ድርጅት ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ወደ ዳሎል፣ ማለት ወደ አሞሌ ጨው አገር የሚወርደው በእንዲህ ያለው መኪና ነው። ስለዚህም የእነዚህን መኪኖች ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ቸርኬና ጎማ ማስመጣትና መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል።

ነገር ግን በዚህ ንግድ ውስጥ አንድ ስሕተት ሥር ሰድዷል። ይኸውም ገዥው «መኪናዬን ከፍ አድርጉልኝ» ሲል፣ ሻጩ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ከፍታውን ብቻ መሸጡ ነው። መኪናው ምን ያህል ጭነት እንደሚሸከምና በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ ሳይታወቅ የተሸጠ ዕቃ ገዥውን ለአደጋ፣ ሻጩንም ለስም መጥፋት ይዳርጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ያለ ጥናት መጥቶ በመጋዘን የሚቀመጥ ዕቃ የሚያስከትለው ኪሳራ ከቀድሞው ይልቅ የከበደ ሆኗል።

ከፍታ ሁለት ዓይነት ነው

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። የረዘመ ወይም የጠነከረ ሞላና ባሌስትራ የሚያነሣው ሻንሲውንና አካሉን ነው። በዚህም መኪናው ዳገት ሲጀምር አፍንጫው፣ ቁልቁለት ሲጨርስ ጅራቱ፣ ጉብታ ሲሻገርም ሆዱ መሬት እንዳይነካ ይረዳል። ወጥ አክስል ባለው መኪና ግን ዲፈረንሻሉ ያለው በአክስሉ ላይ ስለሆነ፣ ሞላው የቱንም ያህል ቢረዝም ዲፈረንሻሉ ከነበረበት ከፍታ አንዲት ጣት አይነሣም። እርሱን የሚያነሣው የጎማው ቁመት ነው፤ ያውም ከተጨመረው ቁመት እኩሌታው ብቻ። ስለሆነም ዲፈረንሻሉን ድንጋይ የሚመታበት ሰው ሞላ ቢገዛ ገንዘቡን ያለ ቦታው አውጥቷል ማለት ነው።

ስለ ሞላና ባሌስትራ

ሞላና ባሌስትራ የሚሠሩት ለክብደት ነው። ዘወትር 300 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ጭነት እንዲችል የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን በሚሄድ መኪና ላይ ቢገባ፣ እግሩ መሬት እየለቀቀ ይነጥራል፤ ፍሬንና መሪም በሚፈለጉበት ጊዜ ይደክማሉ። ደግሞም ጠንካራ ባሌስትራ መግጠም ፋብሪካው የወሰነውን የጠቅላላ ክብደት ልክ አይጨምርም፤ አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው የቀድሞዎቹ ናቸውና። ይህን ለደንበኛው አለመንገር እንደ ማታለል ሊቆጠር ይችላል።

አስመጪውም ከማዘዙ በፊት የመኪናውን የሥሪት ዘመን መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለከባድ ሥራ የተሠሩት ዓይነቶቹ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ግን የፊቱ በሞላ ሲተካ የኋላው ባሌስትራ እንደ ሆነ ዘለቀ። ስሙን ብቻ አይቶ ያዘዘ ነጋዴ የማይገጥም ዕቃ ታቅፎ ይቀመጣል።

መኪናው በ50 ሚሊ ሜትር እንኳ ከፍ ሲል ሌሎች ነገሮች ይከተላሉ። ሾክ አብዞርበሩ ርዝመቱ የሚስማማ መሆን አለበት፤ የፍሬን ዘይት ጎማ ቧንቧ እንዳይወጠር መታየት አለበት፤ ከፊት ሞላ ባለው ወጥ አክስል ላይ ደግሞ የአክስሉ ማዘንበያ ስለሚለወጥ መሪው እንዳይቅበዘበዝ ማስተካከያ ያስፈልጋል። የመኪናው የክብደት ማዕከል ስለሚነሣም በኩርባ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ በጣራው ላይ ጭነት ሲደረብበትማ ይብሳል።

እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው ሾክ አብዞርበሩ ነው። ንጥረቱ በውስጡ ባለው ዘይት ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ዘይቱ ከልክ በላይ ግሎ አረፋ ሲያወጣም ኀይሉ ይጠፋል። በጋዝ ግፊት የተሞላው ዓይነት አረፋውን ስለሚከለክል ረጅም የጠጠር ጉዞ ላለበት ሰው ዋጋው አይበዛበትም።

ስለ ጎማና ቸርኬ

በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው 265/70 አር 16 ጎማ ቁመቱ 777 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 285/75 አር 16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 57 ሚሊ ሜትር ነውና ዲፈረንሻሉ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሣል። ለዚህች ትርፍ የሚከፈለውን እንመልከት። ቆጣሪው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 107 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ነው፤ ሞተሩ በዳገት ላይ የመጎተት ኀይሉ በ7 በመቶ ገደማ ይጎድላል፤ ፍሬኑም ከባድና ረጅም ጎማ ማቆም ይኖርበታል። ከመደበኛው ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ሲጨመርበት ደግሞ ኩሽኔታው ያለ ጊዜው ያልቃል።

በጎማው ጎን የተጻፈውን ማንበብ የባለ ሱቅ ግዴታ ነው። የክብደት ምልክቱ 112 የሆነ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም፣ 121 የሆነው ግን 1,450 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ልካቸው አንድ ሲሆን ዐቅማቸው ይለያያል። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የሥሪት ጊዜውን ይናገራሉ፤ 2419 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ24ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማ በመደርደሪያ ላይም ያረጃልና ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ።

የጥርሱም ዓይነት እንደ መንገዱ ይመረጥ። ሰፊ ጥርስ ያለው የዋልካውን ጭቃ እየወረወረ ይወጣል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ በጠጠርና በአስፋልት ለሚመላለስ ነጋዴ መካከለኛ ጥርስ ያለው ይበልጥበታል።

በትንሽ ዋጋ የሚገኘው ትልቅ ለውጥ

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጎማ ነፋስ ነው። በመንገድ ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ. የሚይዝ ጎማ በልቅ አሸዋ ላይ ወደ 18 ቢወርድ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፤ መኪናውም ሳይሰምጥ ያልፋል። ከአሸዋው ሲወጣ ግን ወዲያው መነፋት አለበት፤ አለዚያ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይፈነዳል። በኤርታ አሌ አካባቢ ባለው ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይም ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ ሊቀደድ ስለሚችል ቀስ ብሎ መሄድ ይገባል። እንግዲህ መለኪያና ትንሽ መንፊያ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ከብዙ ወጪ ያድነዋል።

ለማጠቃለል፣ ባለ ሱቁ ዕቃውን ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት አምስት ነገር ይጠይቅ፦ የመኪናውን ዓይነትና የሥሪት ዘመን፣ ዘወትር የሚጫነውን ክብደት፣ የሚሄድበትን መንገድ፣ ከዚህ በፊት የተለወጠ ነገር እንዳለ፣ ሥራውንም የሚሠራው መካኒክ ማን እንደ ሆነ። ገዥውም ለውጡን ለመድን ድርጅቱ እንዲያስታውቅ ይምከረው። አስመጪውም በእነዚህ መልሶች ላይ ተመሥርቶ ቢያዝዝ ገንዘቡ በመጋዘን አይታሰርም። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ንግድም ይሠራል።