ከበዓል የተረፈ ሥጋ፣ በጎደሬ የተያያዘ በርገር

ወላይታ ላይ መስከረም የሥጋ ወር ነው። የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ ሲደርስ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የከረሙ አባወራዎች ሰንጋ ገዝተው በቅርጫ ይካፈላሉ፤ ሴቶቹም ለቅቤው ለብቻቸው ሲቆጥቡ ቆይተዋል። መስቀልም እዚያው አጠገብ ነው። ጥሬው በዳታ በርበሬ ከተበላ በኋላ የቀረው ይቀቀላል፣ ይጠበሳል፣ ቋንጣ ይሆናል። ቅቅሉ ግን በተሞቀ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፤ ልጆችም ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ። ያንን ሥጋ ወደ ወፍራም፣ ጥጋብ የሚሰጥ በርገር መለወጥ ይቻላል። የሚከብደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዳይፈርስ ማድረግ።

ጥሬ ሥጋ ተፈጭቶ ጨው ሲነካው ተጣባቂ ይሆናል። በውስጡ ያለው ፕሮቲን በጨው ይላላና እሳት ሲያገኝ ይረጋል፤ ሲረጋም ፍጭውን አንድ ላይ ይይዘዋል። የሆቴል በርገር ያለ እንቁላልና ያለ ዱቄት ሳይበተን የሚጠበሰው ለዚህ ነው። የበሰለ ሥጋ ግን ይህን ሥራ ጨርሷል። ፕሮቲኑ ስለረጋ ዳግመኛ አይጣበቅም፤ የቱንም ያህል ቢጨብጡት ምጣድ ላይ ይበተናል። ስለዚህ የጥሬ ሥጋ በርገር አሠራርን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ማያያዣው ከውጭ መምጣት አለበት።

በሌላው ዓለም ይህንን በድንችና በዱቄት ይወጡታል። ስፔኖች ለምሳሌ ከቅቅል የተረፈውን ሥጋ ከወተትና ከዱቄት በተሠራ ወፍራም ስጎ ያስሩና ክሮኬታ ብለው ይጠብሱታል። ወላይታ ግን ከድንች የተሻለ ነገር በየጓሮው አለ፤ ጎደሬ። አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቦሎሶ 1 የተባለ ዝርያ እስከማውጣት ድረስ የደከመበት ሰብል ነው። ተቀቅሎ ሲደቆስ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙ ሰው የሚጠላበትም ይህንኑ ነው፤ ለበርገር ግን የሚፈለገው ይኸው መለጠፉ ነው። ድንች ጥሩ ቢሆንም እንደ ጎደሬ አጥብቆ አይዝም። ጎደሬ ከሌለ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡላ ከድንቹ ጋር ቢገባ ይረዳል።

ጎደሬው በደንብ መብሰል አለበት። ጥሬነት ከቀረው ጉሮሮ ያሳክካል፤ በውስጡ መርፌ የመሰሉ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉና። ወላይታ ሶዶ ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 93 አካባቢ ነው። ቆላ ከሚቀቅል ሰው ይልቅ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል። ቢላ ሲሰኩበት ሳይከብደው መሐሉ ድረስ ከገባ በስሏል።

ወደ ሥጋው ከመሄዳችን በፊት ግን በጣም የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። የበዓል ወጥ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ምድጃ ላይ ማደሩ የተለመደ ነው። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ተቋቁሞ ይቆይና ድስቱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ለብ ባለው ሥጋ ውስጥ ይራባል። ሽታው ስላልተለወጠ ደኅና ነው ማለት አይቻልም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ ደግሞ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ለበርገር የሚታሰበውን ሥጋ ገና ምግቡ ሲነሣ ከድስቱ ያውጡት፣ በሰፊ ሰሐን ዘርግተው ያቀዝቅዙት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። እዚያ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ሲጠፋ ከዋለ ግን በዕለቱ ይሥሩት።

ለአምስት ስድስት በርገር ግማሽ ኪሎ የበሰለ ሥጋ፣ ሩብ ኪሎ የተቀቀለ ጎደሬ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ራስ ሽንኩርትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ይበቃል። ሥጋውን በጣት ይፈልፍሉ፤ ጅማቱንና የአጥንት ስባሪውን ይልቀሙ፤ ከዚያ በቢላ ይክተፉት። በማሽን ካደቀቁት ሲጎርሱት ሥጋ ሥጋ አይልም፤ የምስር ፍሬ የሚያህል ፍርፋሪ ይበቃዋል። ሽንኩርቱን በቅቤው ለስለስ እስኪል ያቁላሉት፤ ጥሬው ከገባ ውኃ ያወጣና ያፈርሰዋል። ቅቤው ደግሞ ግዴታ ነው፤ የቅቅል ሥጋ ስቡን ለመረቁ ሰጥቶ ስለደረቀ የሚያለሰልሰው ያስፈልገዋል። ሥጋው ከወጥ የወጣ ከሆነ ቁሌቱን አራግፈው እሳት ላይ ያወፍሩና ከእሱ ሁለት ማንኪያ ይመልሱበት፤ ያን ጊዜ ቅቤውን በግማሽ ይቀንሱ።

አንድ የሻይ ማንኪያ ዳታ ከገባ ሌላ ቅመም አያስፈልግም፤ ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም እሱው ውስጥ አለ። ጨው ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱ፤ ሥጋው ቀድሞ ጨው በልቷል። እንቁላሉ ከቅምሻው በኋላ ይግባ። ሁሉንም በእጅ አዋሕደው ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ክብ ክብ አድርገው ይጠፍጥፉት፣ ዱቄት ያስነኩት፣ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ ያሳርፉት። ይህን ማሳረፍ የዘለለ ሰው ሲገለብጠው ይሰነጠቅበታል።

የብረት ምጣድ ላይ ዘይት አግለው በመካከለኛ እሳት በየጎኑ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይጥበሱት። ሥሩ ቀልቶ ራሱ ከምጣዱ እስኪላቀቅ አይነካኩት። መሐሉ በደንብ መጋል አለበት፤ ቴርሞሜትር ያለው 74 ዲግሪ ይጠብቅ፣ የሌለው አንዱን ገምሶ እንፋሎት ሲወጣው ይይ።

ከዳቦ ቤት የሚገዛው ክብ ዳቦ ይስማማዋል፤ ሰንጥቀው የውስጡን ገጽ ምጣዱ ላይ ያቅሉት። ቺዝ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ትኩስ አይብ ከላይ ቢደረግ የዳታውን ማቃጠል ያበርደዋል። የወላይታ አቮካዶ ተደቁሶ ሎሚና ጨው ከገባበት ከማዮኔዝ እመርጠዋለሁ። ዳቦ ከሌለ በቀጭኑ የተጋገረ ቆጮም ይይዘዋል፤ ኮምጠጥ ማለቱ ከቅቤው ጋር ይሄዳል። ለልጆች የሚሠራው ላይ ዳታውን ትተው አዋቂዎቹ ከላይ ይቀቡ።

ለቅበላ ከተሠራው ተርፎ ጾሙ ነገ የሚገባበት ቤት ሁሉንም በዚያው ማታ ይጠብሰው። ሌላው ቤት ግን ያልተጠበሰውን በላስቲክ ለያይቶ ፍሪዘር ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከተጠበሰ በኋላ የተረፈው ግን ለሦስተኛ ጊዜ እሳት ባይነካ ይሻላል፤ ስለዚህ የሚበላውን ያህል ብቻ ምጣድ ላይ ያውጡ።