የሕንፃ የውጭ ገጽታ ሥዕል እውነተኛ ሆኖ እንዲታይ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

አንድ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት መልኩ በሥዕል ተነድፎ ለባለቤቱና ለማዘጋጃ ቤቱ መቅረቡ የተለመደ ነው። የወለሉንና የግድግዳውን ልክ የሚያሳየውን ፕላን አንብቦ የሚረዳው ባለሙያ ሲሆን፥ የውጭውን ገጽታ የሚያሳየውን ሥዕል ግን ማንኛውም ሰው አይቶ ይፈርዳል። ገንዘቡን የሚያወጣው ባለቤት፥ ፈቃዱን የሚሰጠው ሹምና በአጠገቡ የሚኖረው ጎረቤት አሳባቸውን የሚቈርጡት በዚሁ ሥዕል ነው። ስለዚህ ሥዕሉ እውነቱን ካልተናገረ፥ ስሕተቱ የሚታወቀው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ይሆናል።

ቀድሞ ይህ ሥራ በእርሳስና በውኃ ቀለም ይከናወን ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ባለሙያዎቹም ሬንደር ይሉታል። መሣሪያው ቢለወጥም ደንቡ አልተለወጠም። ሥዕሉን እውነተኛ የሚያደርገው የጌጡ ብዛት ሳይሆን፥ ሕንፃው በሚቆምበት ስፍራ ያለውን ብርሃን፥ መሬትና አካባቢ በትክክል ማሳየቱ ነው።

ስለ ፀሐይና ስለ ጥላ

ከሁሉ አስቀድሞ የፀሐይ አቅጣጫ ሊታወቅ ይገባል። ሠሪው የቦታውን ስም፥ ወሩንና ሰዓቱን ለኮምፒውተሩ ካልነገረው፥ በሕንፃው ላይ የሌላ አገር ፀሐይ ሊያበራበት ይችላል።

ለምሳሌ በሕንፃዎቿ የታወቀችውን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችውን የአሥመራን ከተማ እንውሰድ። አሥመራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 15 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ በእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 51 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትታይ፥ 10 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 8 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ሰኔ 14 ቀን ገደማ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ተሻግራ 82 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ያው ግድግዳ የሚጥለው ጥላ 1 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የሚወድቀውም ወደ ደቡብ ነው። ይህም ሁኔታ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ይቆያል። በአዲስ አበባም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

በሮም ከተማ ግን የእኩለ ቀን ፀሐይ በዓመቱ ሁሉ ከደቡብ አትወጣም። ስለዚህ በሮም ፀሐይ የተሣለ የአሥመራ ቤት፥ በሰኔ ፀሐይ የሚመታውን የሰሜን ግድግዳ በጥላ ውስጥ ያሳያል። ባለቤቱም ይህን አምኖ በሰሜን በኩል ሰፊ መስኮት ያለ መከለያ ቢያስከፍት፥ ሙቀቱን የሚያውቀው ከገባበት በኋላ ነው።

ጥላው ራሱ ፍጹም ጥቁር መሆን የለበትም። ከሰማይ የሚወርደው ብርሃን ስለሚያገኘው ጥቂት ሰማያዊነት ይኖረዋል፤ ከመሬት የሚንጸባረቀውም የአፈሩን ቀለም ያካፍለዋል። የጥላው ጠርዝም በሁሉም ስፍራ እኩል የተሳለ አይደለም። ጥላውን የሚጥለው አካል በ1 ሜትር በራቀ ቍጥር ጠርዙ 9 ሚሊሜትር ያህል እየሰፋ ይደበዝዛል። በደጋ አገር አየሩ ጥርት ያለ ስለሆነ፥ የፀሐዩና የጥላው ልዩነት ጐልቶ መታየት አለበት።

ስለ ተመልካቹ ዓይን

ሥዕሉ ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ ማለት በቆመ ሰው ዓይን ልክ መታየት አለበት። በአሥመራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በጁሴፔ ፔታሲ ፕላን የተሠራው የፊያት ታልየሮ የቤንዚን ማደያ፥ በግራና በቀኝ ምሰሶ የሌላቸው ረጃጅም የኮንክሪት ክንፎች አሉት። ከሥራቸው ለቆመ ሰው ግርማ የሚሰጠው የክንፎቹ የታችኛው ገጽ ነው፤ ይኸውም ከመሬት በተንጸባረቀ ብርሃን ይታያል። ሥዕሉ ከሰማይ ቍልቍል የታየ ቢሆን ኖሮ ክንፎቹ እንደ ጠፍጣፋ ጣራ ብቻ በታዩ ነበር። እንዲሁም አመለካከቱን ከልክ በላይ ማስፋት ጠባቡን ግቢ ሰፊ አደባባይ ስለሚያስመስል ተመልካቹን ያሳስታል።

ስለ ግድግዳና ስለ መስታወት

የዕቃው መጠን በልኩ ይሁን። የተለመደው ብሎኬት 40 ሳንቲሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲሜትር ቁመት አለው፤ እጥፍ አድርጎ የሚሥለው ሰው ሕንፃውን በግማሽ ያሳንሰዋል። የልስን ጠርዝ እንደ ምላጭ የሳለ አይደለም፤ በጥቂት ሚሊሜትር ስለሚጐብጥ ቀጭን ብርሃን ይይዛል። ነጭ ቀለምም የደረሰበትን ብርሃን ሁሉ አይመልስም፤ ፍጹም ነጭ የሆነ ግድግዳ ወረቀት ይመስላል።

መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ ከሚመታው ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ 8 ያህሉን ነው፤ በጎን ሲታይ ግን እንደ መስተዋት ይሆናል። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት፥ ዛፍና ሰማይ ካልተሣለ መስኮቱ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በቀን ከውጭ ለሚያይ ሰው የክፍሉ ውስጥ ጨለም ብሎ መታየቱም መዘንጋት የለበትም።

ሕንፃ ዘወትር አዲስ ሆኖ አይኖርም። የክረምት ዝናብ ከመስኮት ደፍ በታች መስመር ያወርዳል፤ ከመሬት የሚፈናጠረው ጭቃም የግድግዳውን እግር ያቀላዋል። ይህን በመጠኑ ማሳየት ሥዕሉን እውነተኛ ከማድረጉ በላይ፥ ውኃውን የሚያርቅ ክፈፍ እንደሚያስፈልግ ባለቤቱን ያሳስበዋል።

ስለ አካባቢው

መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ተዳፋት ሆኖ ይሣል። የኤሌክትሪክ ምሰሶው፥ አጥሩ፥ የጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤትም አይሰረዙ። ዛፍ ሲተከል የሚኖረውን ቁመት እንጂ ከ20 ዓመት በኋላ የሚደርስበትን ብቻ ማሳየት አይገባም። ሰዎችም የሚሣሉት የሕንፃውን ልክ ለማስረዳት እንጂ ጕድለቱን ለመሸፈን አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሥዕል የሚቀርብለት ሰው ከመስማማቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። ፀሐይዋ የየትኛው ወርና ሰዓት ናት? ሠዓሊው የቆመው ሰው ሊቆምበት በሚችል ስፍራ ነውን? ጎረቤቶቹ ሁሉ ተሥለዋልን? የሚታዩት ዛፎች ዛሬ አሉ ወይስ ወደፊት የሚተከሉ ናቸው? ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ ያለው ሥዕል ሊታመን ይችላል። መልስ የሌለው ግን ምንም ያህል ቢያምር፥ ሊሠራ የታሰበውን ቤት ሳይሆን የሠዓሊውን ምኞት የሚያሳይ ነው።