ውሻን ይዞ ወደ ውጭ አገር ስለ መሄድ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ቤት ኪራይ ሲጻፍ እንጂ ስለ ውሻ ሲጻፍ እምብዛም አላየሁም። ቢሆንም ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ጋዜጣዎን ስለሚያነቡ፣ በቤተ ሰባችን የደረሰውን እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ታላቅ እኅቴ ባለፈው መስከረም ከባልዋና ከ8 ዓመት ልጅዋ ጋራ ወደ ጀርመን አገር ሄዳለች። መቻል የሚባል ውሻ አላቸው። ስሙን ያወጡለት አባታችን ናቸው፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ልጅቱና ውሻው አብረው ስላደጉ፣ ትተነው እንሂድ ያለ ሰው አልነበረም። እኅቴም «አንተ የተማርህ ነህ፤ ደንቡን አንብበው» ብላ ጉዳዩን ለእኔ ሰጠችኝ።

አነበብሁት። ነገር ግን ደንብ ከመጀመሪያው መስመር ይነበባል ተብዬ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁትን ረስቼ ከመካከሉ ጀመርሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋል የሚለውን እንዳየሁ ወስጄ አስከተብሁት። ማይክሮቺፕ የሚሉትን፣ ከቆዳ ሥር የሚገባውን፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን መለያ ግን ከ2 ሳምንት በኋላ አስገባሁለት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከመለያው በፊት የተሰጠውን ክትባት አይቈጥረውም፤ የተከተበው ይኸው ውሻ ለመሆኑ ማስረጃ የለምና። መቻል እንደ ገና ከሀ ጀመረ።

ሀ ማለት እንዲህ ነው። መለያው ከገባ በኋላ ይከተባል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይቀዳና ኅብረቱ ወደ ፈቀደለት ላቦራቶሪ ይላካል፤ የመከላከያው ኃይል በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ውጤቱ ቢያምርም፣ አገራችን ኅብረቱ ከመዘገባቸው አገሮች ውስጥ ስላልሆነች፣ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። በዚህ ተቈጥቼ ነበር። ነገር ግን በሰፈራችን በውሻ ተነክሶ ለመርፌ ወደ ፓስተር የተመላለሰ ልጅ አይቻለሁ፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ጀርመኖች በ2008 እ.ኤ.አ. ከምድር እንስሶቻቸው አጥፍተውታል፤ የደከሙበትን ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም።

ሌላም ያላየሁት መስመር ነበረ። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ በኋላ በአውሮፕላን እልከዋለሁ» ብዬ አጽናንቻቸው ነበር። ለካ ባለቤቱና ውሻው የሚጓዙበት ቀን ከ5 ቀን በላይ ከተራራቀ፣ ውሻው ለንግድ እንደሚገባ እንስሳ ተቈጥሮ ደንቡ ይለወጣል። ስለዚህ እኅቴ ለፋሲካ መጥታ ራስዋ ልትወስደው ነው። የቲኬቱን ዋጋ አልጠየቅኋትም፤ እፍረት ያዘኝ።

ወደ አሜሪካ ለሚሄዱት ደንቡ ሌላ ነው። ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከእኛ አገር የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው መሆን አለበት። መለያው ከክትባቱ መቅደሙ ግን በዚያም ያው ነው።

የመቻል ደም በኅዳር ተቀድቶ መልካም ውጤት መጥቷል። ቆሞ፣ ዞሮና ተጋድሞ የሚበቃውን ሣጥን አናጢ ሠርቶልኝ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል፤ እንዲለምደው ምግቡን በዚያው እሰጠዋለሁ። ሳምንት ሙሉ አልገባም ብሎ ነበር፤ የልጅቱን ሹራብ ባነጥፍለት ገባ። እርስዋም በየእሑዱ ትደውላለች። «ጋሼ፣ ስንት ቀን ቀረው?» ትለኛለች እንጂ የማን ጥፋት እንደ ሆነ እስካሁን አልጠየቀችኝም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ