ታሪኩ አንድ፣ አሣሣሉ ሦስት

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ታይላንድ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ሥዕል ነው።

ታይላንድ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ትገኛለች። አብዛኛው ሕዝቧ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው። ቤተ መቅደሱ «ዋት» ይባላል። በግድግዳው ላይ የቡድሃ ሕይወትና የቆዩ ተረቶች ይሣላሉ። ታሪኩ ቢመሳሰልም አሣሣሉ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለምን መሰላችሁ? ሠዓሊው የሚሥለው በዙሪያው የሚያየውን ሰው ስለሆነ ነው።

በዋና ከተማዋ በባንኮክ ሠዓሊዎች ለንጉሥ ይሠሩ ስለነበር ወርቅ ይበዛል። ዋት ፕራ ኬው በሚባለው ቤተ መቅደስ ዙሪያ ብቻ 178 ሥዕሎች አንድ ረጅም የጦርነት ታሪክ ይተርካሉ። በባንኮክ አሣሣል ነገሥታቱ ዘውድ ደፍተዋል፤ ፊታቸው አይስቅም፣ አያለቅስም። የሚስቀውና የሚሠራው ተራው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ነው የሚሣለው።

በሰሜን፣ ናን በምትባል ከተማ፣ ዋት ፑሚን አለ። እዚያ በጣም ታዋቂው ሥዕል የንጉሥ አይደለም። አንድ ሰውነቱን የተነቀሰ ወንድ ለአንዲት ሴት በጆሮዋ ሲያንሾካሹክላት ነው የሚታየው። ሴትዮዋም የአገሯን ሽርጥ ለብሳለች።

በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ የጸሎት አዳራሹ ትንሽ ነው፤ በልማዱም ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ሥዕሉ ግን በውጭው ግድግዳ ላይ ጭምር ስለሚሣል ሁሉም ያየዋል። ወርቅ የለም። ነጭ ግድግዳ ላይ ቡናማና ሰማያዊ ቀለም ይበዛል። ሰማያዊው ጨርቅ ከሚነከርበት ተክል የሚገኝ ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንምጣ። ሠዓሊዎቹ የሚሥሉት በደረቀ ኖራ ላይ ነው። ኖራ ቤዝ ስለሆነ ቀለም ያበላሻል። ስለዚህ ቅጠል በተቀቀለበት ውሃ ደጋግመው ያጥቡታል። ከዚያ በእርድ ያሰምሩበታል። እርዱ ከቀላ ገና ነው፤ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ግድግዳው ደርሷል። በክፍል እንደተማርነው ሊትመስ ማለት እኮ ነው!

የሚያሳዝነው ግን እርጥበት ከመሬት ተነስቶ ጨው ይዞ ግድግዳው ውስጥ ይወጣል፤ ቀለሙም ይላላጣል። መጀመሪያ የሚጎዳው የታችኛው ክፍል ነው። ታዲያ ከታች ማን ነበር የተሣለው? ተራው ሕዝብ! ዘውድ የደፋው ንጉሥ ከላይ ሲተርፍ፣ ተሸካሚውና ሳቂው ቀድመው ይጠፋሉ። ስለዚህ የድሮ ሥዕል ስታዩ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ፤ ዝቅ ብላችሁም ተመልከቱ።