የቤታችሁን ዘፈን ልጆቻችሁ ያውቁታል?

ደብረ ሲናን በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ቆሎዋን አይረሳም። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አቋርጦ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ቆሎ ሳይገዛ አያልፍም። እዚያው ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ግን ከቆሎው ይበልጥ ከተማዋን የሚያስታውሰኝ አውቶቡሶቹ ይዘውት የሚመጡት ዘፈን ነው።

በ1970ዎቹ እናቴ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። ቴፕ መግዛት የሚታሰብ አልነበረምና ሙዚቃ የሚደርሰን በሬዲዮና በሾፌሮቹ ካሴት ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ ሲጠጣ የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለና የማህሙድ አህመድ ድምፅ ከጉሙ ጋር ቤታችን ይገባል። የጥላሁን ከሆነ እናቴ ብርጭቆ ማጠቧን ትታ በር ላይ ትቆማለች። "ይቺን ትጨርስና ትሄዳላችሁ" ብላ ሾፌር የምታቆይበት ጊዜም ነበር። ዛሬም ጥላሁንን ስሰማ የገብስ ቆሎና የከሰል ጭስ ይሸተኛል። ከእሱ በኋላ ብዙ ጎበዝ ድምፃውያን መጥተዋል ብትሉኝ አልከራከርም፤ እናቴን ግን በር ላይ አያቆሙልኝም።

አማርኛችን ይህን ስሜት በአንድ ቃል ይዞታል። ትዝታ ያለፈውን ማስታወስ ነው፤ የዘፈንም የቅኝትም ስም ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ወሎ በሚዘልቀው መንገድ የሚደረስባቸው አገሮች ስም ናቸው። ቀደምቶቻችን ለዜማ ስም ሲያወጡ ቦታንና ትዝታን አልዘነጉም።

ተመራማሪዎችም ጉዳዩን አጥንተውታል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ አብዝተው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ያሳለፉትን ነው፤ በዚያ ጊዜ የሰሙት ዘፈንም አብሯቸው ይኖራል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ ለሆነ ወጣቶች ከ1955 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የታወቁ ዘፈኖችን አሰማ። ወጣቶቹ ከራሳቸው ዘመን ዘፈን ሌላ፣ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ የወጡትም ጠንካራ ስሜትና ትዝታ ቀሰቀሱባቸው። ቤት ውስጥ ሲከፈት የሰሙት ዘፈን የራሳቸው ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ እናቴ ስታረጅ ነው። የደብረ ሲና ብርድ ስለጎዳት እኔ ወዳለሁበት ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ አወረድናት። የመርሳት በሽታ ይዟት መጀመሪያ የጎረቤት ስም ጠፋት፣ ቀጥሎ የልጅ ልጆቿ፣ በመጨረሻ የእኔ። አንድ ቀን ትልቁ ልጄ የጥላሁንን ዘፈን በስልኩ ከፈተላት። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ እየመታች ግጥሙን ሳትስት እስከ መጨረሻው አብራ ዘፈነችው። በዚህ በሽታ የተያዙ ብዙ ሰዎች ሌላው ሲጠፋባቸው የለመዱት ዜማ ቆይቶ እንደሚቀርላቸው ሐኪሞችም ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ምግብ እምቢ ስትል፣ ስትደናገጥ፣ ሌሊት ስትነሳ ያንን ዘፈን እንከፍትላት ነበር። መድኃኒት አይደለም፤ ግን ትረጋጋለች።

ልጄ የትኛውን ዘፈን እንደሚከፍት ያወቀው እኔ ቤት ውስጥ ስሰማው ስላደገ ነው። አሁን ደግሞ የእኛን ቤት ልብ ብዬ አያለሁ፦ አራት ሰው፣ አራት ስልክ፣ አራት የጆሮ ማዳመጫ። ልጆቹ የራሳቸውን ቢመርጡ ደስ ይለኛል፤ እኛም በዕድሜያቸው መርጠናል። ግን የልጅ ልጄ የእኔን ዘፈን የት ትሰማዋለች? እኔስ የእሷን?

ስለዚህ እሁድ ቡና ሲፈላ አንድ ልማድ ጀምረናል። ተራ የደረሰው ሰው አንድ ዘፈን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ይከፍታል፤ መጀመሪያ የት፣ ከማን ጋር እንደሰማው ይናገራል። የልጅ ልጄ የምትከፍተው ለጆሮዬ ቢፈጥንም እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። እናንተም ሞክሩት። ወላጅ፣ አያት በሕይወት ካሏችሁ "የምትወጂው ዘፈን የቱ ነው? የምትወደውስ?" ብላችሁ ዛሬ ጠይቁ፤ ስሙንም ጻፉት።