አንድ ጥያቄ በአምስት ግሩፕ

ዛሬ በየሠፈሩ ኮዲንግ የሚማር ልጅ አይጠፋም። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህማ ቃሉን እናቶችና አባቶችም ለምደውታል። ብዙ ጀማሪዎች የሚመርጡት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከዘንዶው ሳይሆን ሞንቲ ፓይተን ከተባሉ የእንግሊዝ ኮሜዲያን ነው።

ልጁ ማታ የጻፈው ፕሮግራም አልሠራ ሲለው ቤት ውስጥ የሚረዳው ሰው የለም። ስለዚህ ስልኩን አንስቶ የፓይተን ተማሪዎች የሚሰበሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጠይቃል። አሥር ደቂቃ ጠብቆ መልስ ሲያጣ ያንኑ ጥያቄ ኮፒ አድርጎ ሁለተኛ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ላይ። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይሉ የለ? ልጁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ልብ ያላለው ግን ባላው የተተከለው በሰው ጊዜ ላይ መሆኑን ነው።

ግሩፖቹ ለምን በዙ?

ፓይተንን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ሲሆን፣ ቋንቋው ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በ1994 ደግሞ ዩዝኔት በሚባለው የያኔው የኮምፒውተር መወያያ መረብ ላይ የራሱ መድረክ ተከፈተለት። ከጎኑም በኢሜይል የሚወያዩ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች በድልድይ ስለተገናኙ እዚህ የተጻፈው እዚያም ይደርስ ነበር።

በኋላ ነገሩ ተበተነ። በ2008 ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የጥያቄና መልስ ገጽ መጣ፤ ሬዲት፣ ዲስኮርድና ቴሌግራምም የየራሳቸውን ግሩፖች አፈሩ። በአብዛኞቹ መካከል ድልድይ የለም። ቋንቋው አንድ፣ ብዙ ጊዜም ረጂዎቹ ያው ሰዎች ሆነው ሳለ መሰብሰቢያው ብዙ ሆነ።

መብዛታቸው በራሱ ክፉ አይደለም። ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ሁሉም በሽተኛ ይቀበላሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ሬዲት ላይም ለፓይተን ጀማሪዎች ጥያቄ የተከፈተ አንድ ግሩፕ፣ ለዜናና ለተሠሩ ሥራዎች የተከፈተ ሌላ ግሩፕ አለ። ያለቦታው የጠየቀ ሰው ወደ ትክክለኛው በር ይመራል።

ጉዳቱ የት ላይ ነው?

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። በሽተኛው ከጤና ጣቢያ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። ሕመሙ አልተወው ሲል ለማንም ሳይነግር ከፋርማሲ ፓናዶል ይገዛል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። ከእያንዳንዱ ባለ 500 ሚሊግራም ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ከዋጠ 12 ፍሬ ይሆናል፤ ለአዋቂ ሰው ከ8 ፍሬ ማለፍ ግን ጉበትን ለአደጋ ያጋልጣል። ሁለቱም የሰጡት ልክ ነበር፤ ጥፋቱ የመጣው አንዱ ስለሌላው ስላላወቀ ነው።

በግሩፖቹ ውስጥ ጉበት ባይጎዳም በጎ ፈቃድ ይጎዳል። መልስ ሰጪዎቹ አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ከሥራ መልስ ከእንቅልፋቸው ቀንሰው የሚረዱ ሰዎች ናቸው። አንዱ ግማሽ ሰዓት ለፍቶ መፍትሔ ሲጽፍ ጥያቄው ሌላ ግሩፕ ላይ ቀድሞ ተፈትቶ ይሆናል። ይህ ሲደጋገም የልጁን ስም ሲያዩ ዝም ብለው ማለፍ ይጀምራሉ።

ልጁም ይደናገራል። 7ን ለ2 ሲያካፍል አንድ ግሩፕ መልሱ 3 ነው ይለዋል፤ ሌላው 3.5 ነው ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። በፓይተን 2 ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ይጣል ነበር፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ግን ነጥቡን ያሳያል። የፓይተን 2 ድጋፍ በጥር 2020 ቢያበቃም የቆዩ መልሶቹ እስካሁን ይገኛሉ። የትኛውን እንደሚጠቀም ያልተናገረ ጠያቂ ዕድሜውን ሳይናገር መድኃኒት እንደሚጠይቅ በሽተኛ ነው።

የቀደሙት ሥርዓት

የዩዝኔት ሰዎች ለዚህ ጥሩ ዘዴ ነበራቸው። ጉዳዩ ሁለት መድረኮችን የሚነካ ከሆነ አንድ መልእክት ብቻ ይጻፋል፤ የሁለቱም መድረኮች ስም ከላይ ይሰፍራል። የሁለቱም አባል የሆነ ሰው አንዴ ካነበበው ፕሮግራሙ ደግሞ አያመጣበትም። ጸሐፊው ከፈለገም መልሱ ሁሉ ወደ አንዱ መድረክ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ይችላል። ያንኑ ጥያቄ ለየብቻ እየገለበጡ መበተን ግን እንደ ነውር ይታይ ነበር። ሁለት ቦታ መጠየቅ አልተከለከለም፤ የተነቀፈው ሳይናገሩ መጠየቅ ነው።

ለልጆቻችን ምን እንንገራቸው?

1. ከመጠየቃቸው በፊት ይፈልጉ። ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ ይዘጋና ወደ ቀድሞው መልስ ይመራል። ይህን ወጣቶች እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን የሪፈር ወረቀት ነው እላለሁ።

2. ለጥያቄያቸው የሚስማማውን አንድ ግሩፕ መርጠው ቢያንስ እስከ ነገ ይጠብቁ። እዚህ ሲመሽ ሌላ አገር ያለው ረጂ ገና ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

3. የሚጠቀሙበትን የፓይተን ቨርዥን፣ የታያቸውን ስሕተት ሙሉ ቃሉን፣ እስካሁን የሞከሩትንም ይጻፉ።

4. ወደ ሌላ ግሩፕ ሲሄዱ «ትናንት እገሌ ግሩፕ ላይ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም» ብለው ሊንኩን ያያይዙ። ይህ አንድ መስመር ብቻ የሰውን ድካም ያድናል።

5. መፍትሔ ሲገኝ በጠየቁበት ቦታ ሁሉ ተመልሰው መልሱን ይጻፉ፤ ያመስግኑም። ነገ በዚያው ስሕተት የሚቸገር ሌላ ልጅ ያገኘዋል።

6. ከኮዱ ጋር የይለፍ ቃል ወይም ስልክ ቁጥር እንዳይለጥፉ ይጠንቀቁ። አምስት ቦታ የተለጠፈን ምስጢር ከአምስቱም መሰብሰብ ከባድ ነው።

እኛ ወላጆች ኮዱን ላናውቅ እንችላለን። ልጃችን ተበሳጭቶ «ማንም አይመልስልኝም» ሲለን ግን ሦስት ነገር መጠየቅ አያቅተንም፦ የት የት ጠየቅህ? ምን ያህል ጠበቅህ? ባለፈው የረዱህን ሰዎች መፍትሔው እንደሠራልህ ነገርካቸው?